መልአኩ በሩን ሲያንኳኳ

ከባለቤቴ ጋር አንድ ኮሜዲ ቴአትር አይተን ከወጣን ወዲህ አንዲት ትዕይንት አልለቅ ብላኛለች። ሥራ ላይ ሆኜ ትመጣብኛለች። ሰው ሲያወራኝም እሷን አስባለሁ። ቴአትሩ ዝነኛ አይደለም፤ ተዋንያኑም ገና ጀማሪዎች ናቸው። ታሪኩም ቀላል ነው። ሚስት አጥብቃ የምትጸልይ ሴት ናት። ባል ጸሎት ከተወ ቆይቷል። በዚህም በዚያም ይጨቃጨቃሉ፤ ትዳራቸው ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል። አንድ ማታ ሚስት ብቻዋን ተንበርክካ "ጌታዬ፣ ወይ እሱን ቀይርልኝ ወይ እኔን ገላግለኝ" ትላለች። መልአክ ይላካል።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ጊዜ ያየነው ዓይነት ነው። እኔን የያዘኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው።

መልአኩ ሲደርስ ባልና ሚስቱ ከባዱን ጠብ ተያይዘውታል። ጫማ ተወርውሯል፣ ወንበር ተገልብጧል። በሩ ይንኳኳል። "ማነው?" ይላል ባል። "ከላይ ተልኬ ነው" የሚል ድምፅ ይመጣል። ሁለቱም ክው ይላሉ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ መሯሯጥ ይጀምራሉ። እሱ ወንበሩን ያነሳል። እሷ የወረወረችውን ጫማ ከሶፋው ትራስ ሥር ትሸጉጣለች። እሱ ሸሚዙን ሲቆልፍ አንድ ቁልፍ ይዘላል፤ እሷ ሮጣ መጥታ ከላይ እስከ ታች ታስተካክልለታለች። ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። "ይግቡ!" ይላሉ፣ በአንድ ድምፅ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም እስኪያመኝ ሳቅሁ። ግን ሳቄ ሳያልቅ አንድ ነገር ታየኝ። እነዚህ ሰዎች ቴአትሩ ከጀመረ ወዲህ አብረው አንድ ነገር ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ማን ምን ያንሳ ብለው አልተነጋገሩም። ሁሉም የሌላውን ጉድለት ያውቀዋል፤ እሷ ቁልፉን እንደሚዘል ታውቃለች። መልአኩ ገና አልገባም። ተአምሩ ግን ከደጅ ሆኖ ጀምሯል ብዬ አሰብኩ።

መልአኩ ክንፍ የለውም። ብዙ ደጅ ያንኳኳ፣ የደከመው የቢሮ ሰው ይመስላል። ፋይል ይዟል። "ከዚህ ቤት አቤቱታ ደርሶን ነበር" አለ። "ኧረ እኛ ሰላም ነን!" አሉ። መልአኩ ፋይሉን ገለጠ። "ታዲያ ማነው የጠራኝ?"

ሳቁ ቀጥ አለ። የጠራችው እሷ መሆኗን ሁላችንም አይተናል። አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም። "እሱን ቀይርልኝ" ብላ መለመኗን፣ እሱ እጇን ይዞ ተቀምጦ እንዴት ትናገረው?

"እኔ ነኝ" አለ ባል።

መልአኩ ፋይሉን አየ። ቀና ብሎ ሰውየውን አየው። ደግሞ ፋይሉን አየ። "ልክ ነው" አለና ዘጋው።

ዋሸ ወይስ ጸለየ?

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የተከራከርነው በዚህች ነገር ነው። እኔ ሰውየው በእርግጥ ጸልዮ ነበር እላለሁ። ምክንያቴም አጭር ነው። መልአክ አይዋሽም። "ልክ ነው" ካለ ልክ ነው። ባልየው ሚስቱ ሳታየው፣ እኛም ሳናየው፣ አንድ ቦታ ተደብቆ ጸልዮአል። ስንት ዓመት አብራው የኖረችው ሴት ይህን ሳታውቅ ኖራ፣ ለመልአክ ሲናገር ሰማች። የሴትየዋን ፊት ብታዩት! ዞር ብላ አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ሰው ይመስል ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ባለቤቴ አልተቀበለኝም። "አልጸለየም" አለ። "እሷ ስትጨነቅ አየና ስሙን አስገባ። ካልጸለየ ነው የሚበልጠው።"

"እንዴት ነው የሚበልጠው?"

"የሚያምነውን ነገር በመልአክ ፊት መናገርማ ቀላል ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ምንም እርግጠኛ ባልሆነበት ነገር ለእሷ ብሎ ተጠያቂ ሆነ። መልአኩም ይህን አይቶ ገመናቸውን ሸፈነላቸው።"

እኔ በቤታችን የምጸልየው እኔ ነኝ። እሱ ሲጸልይ አይቼው አላውቅም። ጠይቄውም አላውቅም፤ ምናልባት መልሱን ስለምፈራ ይሆናል። ያን ማታ ግን ጠየቅሁት። "አንተስ ትጸልያለህ?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "እሱ በእኔና በእግዜር መሃል ያለ ነገር ነው" አለኝ። አልጎተጎትኩትም። ቴአትሩን ከማየቴ በፊት ቢሆን ኖሮ ይህ መልስ ያስቀይመኝ ነበር። አሁን ግን ደስ አለኝ። በመሃላቸው ነገር አለ ማለት ነው።

ክርክሩ ግን አላለቀም። መልአክ ሊሸፍን ይችላል? እውነት ባልሆነ ነገር ላይ "ልክ ነው" ሊል ይችላል? እየጎበኘኝ የሰነበተው ጥያቄ ይህ ነው።

የሣራ ሳቅ

መልሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ኦሪት ዘፍጥረት 18ን ከፈትኩ። ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነው። እንግዶቹ ወደ አብርሃም ድንኳን መጥተዋል፤ ሣራ ከድንኳኑ ደጃፍ ሆና ትሰማለች። ሣራ ልጅ ትወልዳለች ሲባል በልቧ ሳቀች። እዚያች ሳቅ ውስጥ ሁለት ነገር ተናግራለች። አንደኛው እኔ አርጅቻለሁ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባሌም ሸምግሏል የሚል።

ቁጥር 13 ላይ እግዚአብሔር ለአብርሃም ሲነግረው ምን እንዳለ ተመልከቱ። ሣራ "አርጅቻለሁ" ብላ ለምን ሳቀች ይለዋል። ስለ ባሏ የተናገረችውን አያነሳም። ዝም ይለዋል። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ልብ ብለው ታልሙድ በተባለው የሕግና የትርጓሜ መጽሐፋቸው ጽፈውታል። ሰላም ትልቅ ነገር ነው፤ ለሰላም ሲባል ፈጣሪ ራሱ ንግግሯን ለውጦ አስተላለፈ ይላሉ። በባልና ሚስት መሃል ቅያሜ እንዳይገባ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ወደ አንድ ድንኳን መጥቶ፣ የአንዲት ሴት የልብ ሳቅ ባሏን እንዳያስከፋ ይጠነቀቃል! ለእኔ ይህ ከልጁ መወለድ የማያንስ ተአምር ነው። ደግሞ ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ሣራ ፈርታ "አልሳቅሁም" ትላለች። "አይደለም፣ ስቀሻል" ትባላለች። ይህንን ማንም ጎበዝ ኮሜዲ ጸሐፊ ቢያገኘው ይደሰትበታል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፊት ለፊት ሲሆን እውነቱ ተነግሯታል። ለባሏ ሲተላለፍ ደግሞ ተሸፍኖላታል። ሁለቱም አንድ ላይ ሄደዋል።

ስለዚህ ባለቤቴ ትክክል ሊሆን ይችላል። መልአኩ "ልክ ነው" ሲል ስለ ጸሎቱ ሳይሆን ስለ ሰውየው ተናግሮ ይሆናል። እኔ ግን አሁንም ጸልዮአል ባይ ነኝ።

በክሬን የሚወርድ አምላክ

ቴአትሩ በዚያች ትዕይንት ቢያልቅ ኖሮ ያየሁት ምርጥ ኮሜዲ ይሆን ነበር። አላለቀም። መጨረሻው ላይ መብራት ጠፋ፣ ነጎድጓድ ጮኸ፣ መልአኩ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ታርቃችኋል ብሎ አወጀ። ባልየው ተንበረከከና ወዲያው ተቀየረ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ተናደድኩ። እውነቴን ነው የምለው፣ አንድ ነገር የተወሰደብኝ መሰለኝ።

ይህ ችግር የዛሬ አይደለም። የጥንት ግሪኮች ቴአትር ቤት ውስጥ ክሬን ነበራቸው። አምላክ የሚሆነውን ተዋናይ በገመድ አንጠልጥሎ ከላይ የሚያወርድ ማሽን ማለት ነው። ታሪኩ ሲቆላለፍ አምላኩ ከላይ ይወርድና ሁሉንም ይፈታዋል። አሪስቶትል ስለ ድርሰት በጻፈው መጽሐፉ ይህን ነቅፎታል። የታሪኩ መፍትሔ ከታሪኩ ከራሱ መምጣት አለበት ነው የሚለው። ከሱ በፊት ደግሞ ኮሜዲ ጸሐፊዎቹ ቀልደውበታል። አሪስቶፋኒስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ421 ለመድረክ ባበቃው ቴአትር አንድ ገበሬ በትልቅ ጢንዚዛ ላይ ተቀምጦ ወደ ሰማይ ይወጣል። አምላክን ስለ ጦርነቱ ሊጠይቅ ነው የሚሄደው። መሃል አየር ላይ ሲደርስ ፍርሃት ይይዘውና ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሠራተኛ ተጠንቀቅልኝ ብሎ ይጮህበታል። ወደ ሰማይ የሚያወጣው የሰው እጅ መሆኑን ተመልካቹ ሁሉ እንዲያስታውስ አደረገ።

ሮማዊው ፕላውተስ ደግሞ ከ2200 ዓመት ገደማ በፊት የጦር አዛዡን የአምፊትርዮንን ታሪክ በኮሜዲ ጽፎታል። የአማልክቱ አለቃ ጁፒተር የአምፊትርዮንን መልክ ይዞ ወደ ሚስቱ ይገባል። እውነተኛው ባል ከጦርነት ሲመለስ ሚስቱ "ትናንት ማታ መጥተህ አልነበር እንዴ?" ትለዋለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መገመት ነው። ሳቁ ብዙ ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር የማስበው ሚስቲቱን አልክሜናን ነው። ምንም አላጠፋችም። ባሏ ታማኝ አይደለሽም ይላታል። እሷም ተስፋ ቆርጣ "ያንተን ውሰድ፣ የእኔን መልስልኝ" ትላለች። ይህ በሮም ፍቺ የሚፈጸምበት ቃል ነበር። የምትናገረው ግን ለባሏ አይደለም፤ የባሏን መልክ ለያዘው ለጁፒተር ነው። ትዳሩን ያፈረሰው እሱ ሆኖ ሳለ።

መጨረሻው ላይ ነጎድጓድ ይሰማል፣ ጁፒተር ይገለጣል፣ ለባልየው እኔ ነበርኩ ይለዋል። ባልየው እሺ ይላል። በቃ። አልክሜና በዚያ ትዕይንት ላይ የለችም። እሷን ማንም አልጠየቃትም። ፈረንሳዊው ሞልዬር እ.ኤ.አ. በ1668 ይህንኑ ታሪክ እንደገና ሲጽፈው ባልየውንም ዝም አሰኘው። ጁፒተር ከላይ ሆኖ ይህ ክብር ነው ብሎ ሲያበቃ አምፊትርዮን አንድ ቃል አይመልስም። ሌሎቹ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉ ሲዘጋጁ አገልጋዩ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት ይሻላል ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ሞልዬርን ለዚህች ዝምታ እወደዋለሁ። ከላይ የመጣ ውሳኔ ትዳርን አፍ ሊያስይዘው ይችላል። ሊያስታርቀው ግን አይችልም። ሁለቱ ሰዎች መናገር ያለባቸውን ሳይነጋገሩ ነጎድጓድ ምን ይጠቅማል?

በእምነት መሳቅ

አዳራሹ ውስጥ ከኋላችን የተቀመጡ ሰዎች "ይሄ ድፍረት ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። መልአክ ላይ ይሳቃል? የሚል ቅሬታ ነው። ቅሬታቸውን አልንቅም፤ የተቀደሰ ነገር ሲቀለድበት የሚያመው ሰው የሚወደው ነገር ያለው ሰው ነው። ግን በዚያ መድረክ ላይ የተሳቀው በመልአኩ ነው? እኔ አይመስለኝም። የተሳቀው መልአክ ሲመጣ ጫማ በሚደብቁት ሰዎች ነው። እነሱም እኛው ነን።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስን በቴአትር የሚያሳዩት የየሙያው ማኅበራት ነበሩ። ቼስተር በተባለችው ከተማ የጥፋት ውኃውን ታሪክ ያቀርቡ የነበሩት ከዲ ወንዝ ውኃ እየቀዱ የሚያመላልሱ ሠራተኞች ናቸው። በዚያ ቴአትር የኖኅ ሚስት መርከብ አልገባም ትላለች። ጓደኞቼን ትቼ የትም አልሄድም ነው ነገሩ። ልጆቿ ተሸክመው ያስገቧታል፤ ገብታም ኖኅን በጥፊ ትለዋለች። ይህንን ያቀረቡትም ያዩትም አማኞች ነበሩ፤ ለእምነታቸው ብለው ያዘጋጁት ነው። እኔን የነካኝ ግን ከጥፊው በፊት ያለው ነው። የሴትየዋ ምክንያት እውነት ነው። ጓደኞቿ ሊሰምጡ ነው። ሳቁ ይህን እንድንሰማ አደረገን፤ ስብከት ቢሆን ኖሮ እናልፈው ነበር።

የሐና ጠቦት

ስለ እምነት፣ ስለ ትዳርና ከሰማይ ስለሚመጣ እርዳታ ኮሜዲ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ቢያማክረኝ መጽሐፈ ጦቢትን አንብብ እለዋለሁ። አንዳንዶች አንብበውታል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብራይዲ እ.ኤ.አ. በ1930 ታሪኩን ኮሜዲ አድርጎ ለመድረክ አብቅቶታል።

መጽሐፉ ራሱ ሳቅ አለው። ሣራ የራጉኤል ልጅ ሰባት ጊዜ ተድራ ሰባቱም ባሎቿ በሠርጉ ሌሊት ሞተውባታል። የጦቢት ልጅ ጦብያ ስምንተኛ ሆኖ ገባ። አባቷ ራጉኤል ምን አደረገ? ሌሊቱን ተነስቶ ለሙሽራው መቃብር ቆፈረ! ከዚያ ገረዲቱን መብራት አስይዞ "እስቲ በሕይወት እንዳለ እዪ" ብሎ ላካት። ገብታ ስታይ ሁለቱም ተኝተዋል። ሳይነጋ መቃብሩን ሙሉ ተባለ። ይህ ሰው እግዚአብሔርን የሚያምን ሰው ነው። ልጁን ሲድር መርቋል። ግን አካፋውንም አልረሳም። እምነትና ፍርሃት በአንድ ሌሊት በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚያድሩ ከዚህ በላይ ያሳየኝ የለም።

መልአኩ ሩፋኤል ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ በቀን ሒሳብ የተቀጠረ መንገድ መሪ ነው። ስሜ አዛርያስ ነው ብሎ ነው የመጣው። ምን እንደሚደረግ ይነግራል። መድኃኒት የሚሆነውን ዓሣ የሚይዘው ግን ጦብያ ነው። ወደ ጫጉላው የሚገባውም እሱ ነው። መልአኩ ማንነቱን የሚናገረው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ደመወዙን ሊከፍሉት ሲጠሩት ነው። ነጎድጓድ የለም። ሰው ያስባል እግዜር ይፈጽማል እንላለን፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ግን እግዜር ብዙውን ነገር ለሰዎቹ እጅ ትቶላቸዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ምዕራፍ 2 ላይ ያለችው ጠብ ናት። ጦቢት ዓይኑ ጠፍቷል። ሚስቱ ሐና የሰው ሥራ እየሠራች ታበላዋለች። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ የፍየል ጠቦት ሰጧት። ጠቦቷ ቤት ገብታ ስትጮኽ ጦቢት ሰማ። "ከየት መጣች? የተሰረቀች እንዳትሆን! ለባለቤቶቿ መልሺ" አላት። ስጦታ ነው ብትለው አላመናትም። እሷም መረራትና "ምጽዋትህና ጽድቅህ የት አለ?" አለችው።

እዚህች ጠብ ውስጥ የቴአትሩ ባልና ሚስት ቁጭ ብለዋል። ብዙዎቻችንም አለን። አንዱ በጽድቁ ሌላውን ይጠረጥራል። ሌላው ሲያመው የዚያኛውን እምነት ይመታል፤ የት ጋ እንደሚያመው ያውቃልና። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ከአንድ ባሕር ስለተቀዱም ነው አንዱ የሌላውን ቁስል እንዲህ በትክክል የሚያገኘው።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሩፋኤል መጣ። የሣራን ባሎች ይገድል የነበረው ጋኔን ተባረረ። ጦብያ ሚስት አግብቶ ተመለሰ። በዓሣው ሐሞት የጦቢት ዓይን በራ። ሁሉም ነገር ተፈታ። የጠቦቷን ነገር ግን ማንም አላነሳትም። ጦቢት ይቅርታ ስለመጠየቁ አልተጻፈም። እሷም ያንን ቃል ስለመመለሷ አልተጻፈም። ዓይኑ ከበራለት በኋላ ጦቢት ሐናን አይቷታል። ምን አላት? ለእሱና ለእሷ የተተወ ሥራ ይመስለኛል።

ያንን ትዕይንት የሚጽፍ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። መልአኩ ሄዷል፣ ሙሽሮቹ ተኝተዋል፣ ጦቢትና ሐና ብቻቸውን ቀርተዋል። ሳቅም ይኑርበት፤ ብዙ ሳቅ። እኔና ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቀን እንመጣለን።